ከፈረስ በቀር

ድሬዳዋ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ በድሩ፣

ሰውነትህ እንዴት ነው? የዚያ ደጋ ብርድ ለድሬ ልጅ አይሆንም። ሂባቅ «ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል» ስላለችኝ ካልሲና ቫዝሊን ልኬልሃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

አራት ወር ሙሉ ዝም ስላልኩህ አውፍ በለኝ። «ሞታ ነው ወይስ ረስታኝ?» ማለትህን ሰምቻለሁ። ሁለቱም አይደለም። ልጽፍ እቀመጥና ቃሉ ሲጠፋብኝ እነሳለሁ። ሂባቅ እዚያው የታሰረ ልጇን ለማየት በየአስራ አምስት ቀኑ ስትመላለስ እኔ አንዲት ወረቀት አለመላኬ ያሳፍራል። ከእንግዲህ አላቋርጥም።

«ግመሌን ሸጥሽው?» ላልከው፣ አልሸጥኩትም። ኡርጂ አባታችን በተወልን ግቢ፣ በሐርላ መንገድ፣ እንደነበረ አለ። የወጣው ዓይኑ ጉድጓዱ ደርቋል፤ ዝንብ እንዳያርፍበት ቅቤ እቀባዋለሁ። እኔን ይሰማኛል፣ ተንበርከክ ስለው ይንበረከካል። ሌላ ሰው ሲቀርበው ነው ጣጣው። ባለፈው ወር ውኃ የሚያመጣልኝን ባለጋሪ ትከሻውን ነክሶ ከመሬት አነሳው። አፉን በዱላ ደብድቤ ነው ያስጣልኩት። ሰውየው አስራ አራት ቦታ ተሰፋ።

አሁን የምሥራች ልንገርህ። በመናፈሻው በር ላይ «ከፈረስ በቀር ሌላ እንስሳ መጋለብ ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ አትረሳውም መቼም። ሊነቅሉት ነው! ከተማው አዲስ ደንብ እያወጣ ነው፤ ግመልም በቅሎም አህያም በፈቃድ ሊገቡ ነው። ቅዳሜ ሚያዝያ 18 በኮሚቴ ፊት ሙከራ አለ። እንስሳው ሰው መሀል ተረጋግቶ ከዞረ ፈቃዱን ይሰጡታል። ኡርጂን ለማቅረብ አስቤያለሁ። አንተ የታሰርክበት ነገር ስትፈታ የምትኖርበት እንጀራ ይሆንሃል ብዬ ነው።

ስለ ሉቅማን ለጠየቅከኝ፣ ደህና ነው። እጁ ድኗል። የቀረውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ ዱኒያ


ማረሚያ ቤት፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ ዱኒያ፣

ካልሲው ልክክ ብሎኛል። የቫዝሊኑን ግማሽ ሰይፈ ሚካኤል ወሰደብኝ። ከጎኔ የሚተኛ ሽማግሌ ነው፣ የኛው ከዚራ ልጅ፤ በባቡሩ ዘመን ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። በአጥር ጠብ የእህቱን ባል በአካፋ ገድሎ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። ክፉ ሰው አይምሰልሽ፤ እዚህ ካሉት ሁሉ የሚያስቀኝ እሱ ብቻ ነው።

«ትጸጸታለህ ወይ?» ብለሽ በሂባቅ አፍ ጠይቀሽኛል። በወረቀት ለመጻፍ ፈርተሽ መሆን አለበት። እኔ በወረቀት ልመልስልሽ።

ሰሌዳው ክልክል ይላል፣ አውቅ ነበር። ሙሽሮቹ በግመል ፎቶ ካልተነሳን ብለው ስለለመኑኝ አስገባሁት። ሉቅማን እዚያ የሚያከራየው ፈረስ የግመሉ ሽታ ሲደርሰው በኋላ እግሩ ቆመና ላዩ ላይ የነበረችውን ልጅ ጣላት። ክንዷ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሉቅማን ቢመታኝ እቀበለው ነበር። እሱ ግን እኔን ትቶ ከበቆሎ ጠባሿ ፍም ውስጥ የጋለውን ብረት መዘዘና ታስሮ በቆመው ግመል ዓይን ውስጥ ሰካው። ዱኒያ፣ ግመል እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኑ እንደ እንቁላል ጉንጩ ላይ ፈሰሰ። ቢላዬን መቼ እንዳወጣሁ አላስታውስም። ብረቱን በያዘበት እጁ ላይ አሳረፍኩት። ሦስት ጣቶቹ ሣሩ ላይ ወደቁ።

አምስት ዓመት ፈረዱብኝ፣ ሁለቱ አልቋል። በጣቶቹ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ አንገቱ ቅርብ ሆኖ ሳለ እጁን መምረጤ ነው።

የደንቡ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሰሌዳው ተነቅሎ ኡርጂ በዚያ በር ገብቶ ሲዞር ባየሁት! ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አንቺ በቤት ትይዥዋለሽ፣ እሺ። ኮሚቴው ፊት ገመዱን የሚይዘው ማን ነው? ሂባቅን ስጠይቃት ደነገጠችና ስለ ሻይ ማውራት ጀመረች። ደግሞስ የሉቅማን እጅ መዳኑን ከየት አወቅሽ?

በድሩ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም በድሩ፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው።

ገመዱን የሚይዘው ሉቅማን ነው። ሉቅማን ባሌ ነው። መስከረም ላይ ኒካህ አስረናል። ዝም ያልኩህ ለዚህ ነበር። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አራት ወር ሞላኝ። አውፍ በለኝ።

ማንም አላስገደደኝም፣ ሽማግሌም አልላከብኝም። አንተ በተፈረደብህ በሁለተኛው ሳምንት፣ እጁን እንደጠቀለለ፣ በዚያች በቀረችው እጁ የግመል መኖ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። ሰድቤ አባረርኩት። በሳምንቱ ዓርብ መጣ። በሌላውም ዓርብ መጣ። አንድ ቀን ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ግመሉን ይቅርታ ሲጠይቀው ሰማሁት። «ልጅቷ ሞታ መስሎኝ ነው፣ አእምሮዬ ጠፍቶ ነው» ይለዋል ለእንስሳ! መጀመሪያ ሳቅኩበት። ኋላ ሳቁ አለቀብኝ። እወደዋለሁ በድሩ። ልደብቅህ አልችልም።

ፈረሶቹ ሁለቱም ባንድ ሳምንት በበሽታ አለቁ። አሁን ያለን ኡርጂ ብቻ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ በመናፈሻው ማኅበር ውስጥ ለተመዘገበ ሰው ነው፤ ሉቅማን አስራ ሁለት ዓመት አባል ነው። ሙከራው ላይ ገመዱን በገዛ እጁ ካልያዘ አይቀበሉትም።

ኡርጂ ግን አልረሳም። በጠረኑ ያውቀዋል፣ ከሩቅ ያጓራል። ባለፈው ሰኞ ገመዱን በጥሶ ከግድግዳ ጋር አጣበቀው፤ ጥምጣሙን ከነጸጉሩ ነጭቶ ነው የተወው። ትንሽ ቢቀርብ ጭንቅላቱን ነበር።

አባታችን ቂም የያዘ ግመል የሚታረቅበት ነገር ነበረው። ጠላቱ የለበሰውን ሸሚዝ ይሰጠዋል፣ ግመሉ በሸሚዙ ንዴቱን ይወጣበታል። ወደ በረት ያስገባ የነበረው አንተን ነው። አሠራሩን ከነሥርዓቱ ጻፍልኝ። እስከ ሚያዝያ ካልታረቁ ወይ ኡርጂ ይገድለዋል፣ ወይ ኡርጂ ይታረዳል። ሁለቱም አንጀቴን ነው የሚቆርጠው።

ዱኒያ


ማረሚያ ቤት፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱኒያ፣

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንዱ እስረኛ ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ አየና ሳቀ። የሳቀው ስለሌላ ነገር ይሁን ስለኔ አልጠየቅኩትም። መንጋጋውን በባልዲ ሰበርኩት። ሲወድቅም አልተውኩትም፣ ሦስት ሰው ነው የጎተተኝ። ስልክ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ተከልክያለሁ። ለማን ልደውል? እህት አለኝ ብዬ ነበር ስልኩ የሚያስፈልገኝ።

እኔ እዚህ በብርድ የምበሰብሰው በማን ምክንያት ነው? በዚያ እጁ ነው የሚያቅፍሽ? ሁለት ጣት በቀረው?

ኡርጂ ባንድ ዓይኑም ከአንቺ ይሻላል። ጠላቱን ያውቃል። ተዪው ሥራውን ይሥራ። ደግመሽ እንዳትጽፊልኝ።

በድሩ


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

በድሩ፣ ረመዳን ሙባረክ።

አትጻፊ ብትለኝም ጽፌያለሁ። በጾም ወር ሰው አይኳረፍም፣ ቢኳረፍም እኔ አልችልበትም። ስለ እጁ የጠየቅከኝን አልመልስልህም፤ እንደ ወንድም የምትጠይቀኝ ቀን እመልስልሃለሁ።

የሆነውን ልንገርህ። ባለ ፈረሶቹ ደንቡን አልወደዱትም። ግመል ከገባ ፈረሶቻችን ይደነብራሉ፣ ሰው ይጥላሉ ነው የሚሉት። ውሸትም አይደለም፣ አንተም አይተኸዋል። ግን ቢሮ ሄደው በመከራከር ፈንታ፣ ባለፈው እሑድ በአፍጥር ሰዓት፣ አለቃቸው አብዲራሺድ አምስት ሰው አስከትሎ ግቢያችን ገባ። ገጀራና ዱላ ይዘዋል። የመጡት የኡርጂን ጅማት ሊቆርጡ ነው።

ሉቅማን በአፉ ቴምር እንደያዘ ወጣ። ዱላ እንኳ አልነበረውም። ሄዶ ግመሉ ፊት ቆመ፣ ጀርባውን ለኡርጂ ሰጥቶ። በዱላ ጎኑን ሲሉት አልተንቀሳቀሰም። ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል። ያኔ ኡርጂ ከኋላው ምን ያደረገ ይመስልሃል? ያንን የሚሞትለትን ሰው ከጀርባው ነከሰው። ሥጋውን ይዞ ወዘወዘው። ከፊት ይደበድቡታል፣ ከኋላ ይበላዋል፣ ሉቅማን ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እኔ ሾርባውን ከነድስቱ አነሳሁና አብዲራሺድ ፊት ላይ ደፋሁት። የፈላ ነበር። ቆዳው ከጉንጩ ተነስቶ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ፤ እየጮኸ እየተደነቃቀፈ ወጣ፣ የቀሩትም ተከተሉት። ቢደገምም ያንኑ አደርጋለሁ። ካንተ ጋር ያንድ አባት ልጆች አይደለን?

ለግመልህ ነው የተሰበረው በድሩ። ላንተ ግመል። እባክህ የሸሚዙን ነገር ጻፍልኝ። ከልብህ ይቅር በለው አልልህም። አሠራሩን ብቻ ጻፍልኝ።

ዱኒያ


ማረሚያ ቤት፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም የእናቴ ልጅ ዱኒያ፣

ነገ ዒድ ነው። እንኳን አደረሳችሁ፣ ሉቅማንንም ጨምሮ። ባለፈው ስለጻፍኩት አውፍ በይኝ፣ በንዴት ነበር። «ከአፍህ ይውጣ እንጂ ከልብህ ባይሆንም ይበቃኛል» ማለትሽን ሂባቅ ነግራኛለች። ከልቤም ነው። አጥንቱ እስኪሰበር ለኡርጂ ከቆመ እኔ ምን እላለሁ?

አሠራሩ ይኸውልሽ። በደንብ ያዢው።

ሉቅማን አንድ ሸሚዝ ሰባት ቀን ሳያወልቅ፣ ሳያጥብ ይልበስ። በሥራ ያልበው። በስምንተኛው ቀን አንቺ ወስደሽ ኡርጂ ፊት ጣይው፣ እሱ እንዳይታይ። ኡርጂ ያሸተዋል፣ ይነክሰዋል፣ ይወረውረዋል፣ ኋላ ተንበርክኮ በደረቱ ይፈጨዋል። ሰው የሚገድለውም እንደዚያው ነው። አትደንግጪ፣ ዝም ብለሽ ተዪው። ንዴቱ ሲወጣለት ሸሚዙ ላይ ተኝቶ ማመስኳት ይጀምራል።

ማመስኳት በጀመረ በሦስተኛው ቀን ሉቅማን ራሱ ይግባ። ብቻውን ይሁን። ሰው ካለ ግመሉ ይሸበራል። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ በደህናው ዓይን በኩል ቀርቦ፣ ቢስሚላህ ብሎ ሸሚዙን ከሥሩ ጎትቶ ይውሰድ። ሸሚዙን ሲመልስ እርቁ ይታሰራል። ከዚያ ወዲህ እንደ በግ ይከተለዋል።

አባታችን እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ደብዳቤ የሚመረምረው ፖሊስ አንብቦት «የግመል መድኃኒት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ወንድምሽ በድሩ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም በድሩ፣

ደብዳቤህ በዒድ ማግሥት ደረሰኝ። ለሉቅማን «በድሩ አስተማረን» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩትም። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ደብዳቤውን ላንብበው ሲለኝ ኋላ ብዬ አለፍኩት።

ሸሚዙን ሰጠነው። እንዳልከው ነው የሆነው። አጥር ሥር ቆሜ አየሁት፤ አንስቶ ከመሬት ሲያላትመው፣ ተንበርክኮ በደረቱ ሲፈጨው፣ ባዶ ጨርቅ መሆኑ ጠፍቶኝ ጆሮዬን ይዤ ነበር። ኋላ ተረጋጋ። አሁን ሸሚዙ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል።

የሦስተኛውን ቀን ነገር ግን አላደረግነውም። እዚያ ላይ ቆሜያለሁ።

በድሩ፣ ስትጽፍልኝ ጾም ላይ ነበርክ፣ ደክሞህ ይሆናል። የረሳኸው ነገር ካለ፣ የተሳሳትከው ቃል ካለ ጻፍልኝ። አልቆጣህም። ምንም ብትጽፍልኝ፣ ወላሂ፣ አልቆጣህም። ሙከራው ሚያዝያ 18 ነው፣ እስከዚያ እጠብቅሃለሁ።

ከታች ያለው የሉቅማን ነው። በግራ እጁ መጻፍ ገና እየተማረ ስለሆነ ፊደሉን ታገሰው።

ዱኒያ

በድሩ ሰላም ነህ። ዓይኑን ስላጠፋሁት አላህ ይቅር ይበለኝ አንተም ይቅር በለኝ። የጣቶቼን ነገር እኔ ትቼዋለሁ። ስትፈታ ገመዱም ፈቃዱም ያንተ ነው፣ እኔ ፈረስ እገዛለሁ። ሸሚዙን ስላስተማርከኝ ውለታህን አልረሳም። ሉቅማን


ማረሚያ ቤት፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱኒያ፣

እንዳይገባ! ሉቅማን እንዳይገባ!

የሦስተኛው ቀን ነገር ውሸት ነው። እኔ የፈጠርኩት ነው። ሸሚዙ ከተሰጠ በኋላ ፈጽሞ አይነሳም፤ እዚያው አፈር እስኪሆን ይተዋል። ሰውየው ወር ሙሉ ለግመሉ አይታይም፣ ሽታውም አይደርሰውም። ግመሉ ገድዬዋለሁ ብሎ ነው የሚተኛበት። ያ ሰው መጥቶ ሸሚዙን ከሥሩ ከጎተተ የገደለው ሰው ተነስቶ ይሆንበታል፣ ያን ጊዜ ማንም አያስጥለውም። ይህን አውቄ ነው የጻፍኩት። በዒድ ዋዜማ፣ ቁጭ ብዬ፣ ፊደሉን እያሳመርኩ ነው የጻፍኩት።

ብቻውን ይግባ ያልኩሽ አንቺ እንዳትነኪ ነው። ይህንንም አስቤበታለሁ፤ እንደዚያ አስቤ ስጨርስ ጥሩ ወንድም የሆንኩ መሰለኝ።

ለሰይፈ ሚካኤል ነገርኩት፤ ይስቃል ብዬ። አልሳቀም። «እኔ ስገድል ሰውየው ዓይኔን እያየ ነበር» አለኝ። «አካፋውን አይቷል፣ እጁን አንስቷል። ያንተኛው ቢስሚላህ እያለ ነው የሚገባልህ» አለኝና ፊቱን አዞረ። እስከ ዛሬ አላናገረኝም።

ከዚያ የናንተ ደብዳቤ መጣ። ምርመራ ላይ ሁለት ቀን ከርሞ ዛሬ ሰጡኝ። የሉቅማንን ጽሑፍ አየሁት። ስሙን እንኳ ቀጥ አድርጎ መጻፍ አልቻለም። እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት።

ስልክ ለመንኩ። የፖሊሱ ጫማ ላይ ወደቅኩ። በዚያ በመንጋጋው ጠብ ተከልክለሃል አሉኝ። ሂባቅ እስክትመጣ ሙከራው ያልፋል። ሰኞ ሚያዝያ 13 የሚፈታ የድሬ ልጅ አለ፤ ይህን ይዞ በቀጥታ አንቺ ጋ ይመጣል፣ በእናቱ ምሎልኛል። እስከዚያ እንዳታስገቢው። አላህ ልብሽን ያቁምልኝ።

ደረሰ ወይ? ደረሰ ብለሽ አንድ ቃል ላኪልኝ።

በድሩ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

በድሩ፣

ደርሷል። ሐሙስ ሚያዝያ 16 ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። ልጁን አትውቀሰው፤ የፈቱት ሁለት ቀን አዘግይተው ነው፣ እንደማለልህ በቀጥታ ነው የመጣው። እቤት ሲያጣኝ ጎረቤታችን ናዲፋ ሆስፒታል ናት አለችው።

አውቄ ነበር በድሩ። የሸሚዙን ደብዳቤ ያነበብኩት ዕለት ነው ያወቅኩት። አባታችን ወደ በረት የሚያስገባው አንተን ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ሸሚዝ ሲመለስ አንድ ቀን አላየሁም። አሠራሩን የጠየቅኩህ አሰጣጡን እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው፤ የማይመለስ መሆኑን ግን ልጅም ሆኜ አውቃለሁ። በኔ እጅ ልትገድለው እንደፈለግክ ገባኝ። ራሴን ይዤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩና ደብዳቤውን ሣጥኔ ውስጥ ከልብሶቼ ሥር ደበቅኩት።

መቅደድ ነበረብኝ። ልቤም ቅደጂው ብሎኛል። እኔ ግን አንተ ራስህ እንድታፈርሰው ፈለግኩ። ስህተት ነበር ብለህ ስትጽፍልኝ ያኔ እንደገና ወንድም ይኖረኛል ብዬ ነው። ቀን እየቆጠርኩ ጠበቅኩህ። ሉቅማን ለምን እንደዘገየን ሲጠይቀኝ፣ በድሩ አንድ ነገር ሊጽፍልን ነው እለው ነበር። አልነገርኩትም። ያንተን ስም ማጥፋት ፈራሁ፤ ከሱ ሕይወት ይልቅ ያንተን ስም ጠበቅኩ። ይህ የኔ ነው፣ ላንተ አላሸክምህም።

ረቡዕ መኖ ልገዛ መጋላ ወረድኩ። ሉቅማን ለቅዳሜው ሙከራ የማኅበሩን መታወቂያ ሲፈልግ ሣጥኔን ከፈተ። ደብዳቤህን አገኘው፣ አነበበው። እኔ ፈርቼለት የደበቅኩት ነው የመሰለው። ናዲፋ በአጥር በኩል ስታየው ሸሚዙን አውልቆ፣ ጎኑ እንደታሰረ፣ ይስቅ ነበር። «ዱኒያ ስትመጣ ኡርጂን እየጎተትኩ ነው በሩ ላይ የምጠብቃት» ብሏታል።

ስመለስ ጩኸት አልነበረም። ናዲፋ ብቻ ናት የምትጮኸው። ኡርጂ ተንበርክኮበታል። ግራ ክንዱን ከትከሻው ገንጥሎ ጥሎታል፣ በደረቱ ይፈጨዋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይንበረከካል። በስሙ ጠራሁት። ሁልጊዜ የሚሰማኝ ግመል ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። መጥረቢያውን አነሳሁ። አንገቱን ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም፤ ናዲፋ ከወደቀም በኋላ ትመቺው ነበር ብላኛለች። ግመልህን የገደልኩት እኔ ነኝ። ቅቤ የቀባሁትን እኔው ፈለጥኩት።

ፖሊሶች እንዴት ገባ ሲሉኝ፣ ሊያላምደው ብዬ መለስኩ። ስለ ሸሚዙ የጻፍካቸው ሁለቱም ደብዳቤዎች እኔ ጋ ናቸው፤ አልሰጠኋቸውም፣ አልሰጥምም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ስትፈታ ግን ወደዚህ ግቢ አትምጣ። ይቅር አልልህም። ምንም ብትጽፍ አልቆጣህም ብዬ ምዬ ነበር፤ ዋሸሁ፣ እንደምቆጣህ የምቆጣው ሰው በዓለም ላይ የለም።

ቅዳሜ ሙከራው ተደርጓል። ደንቡ ጸድቋል፣ ሰሌዳውም ተነቅሏል። መጀመሪያ ፈቃድ ያገኘው አብዲራሺድ ነው። ሁለት ግመል ገዝቶ ነበር፣ እኛ እንዳናውቅበት። በዚያ በተላጠ ፊቱ ልጆች ጭኖ ሲዞር ናዲፋ አይታዋለች። ሉቅማንን የቀበርነው በዋዜማው ነው።

ሁለት ቀን ኖሯል። ሁለተኛው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ከማነው?» አለኝ። ከበድሩ አልኩት። «ምን ይላል?» አለኝ። ሰላም ይልሃል አልኩት። ደስ አለው። በዚያች ሁለት ጣት ባላት እጁ ወረቀቱን ነካ ነካ አደረገው።

ዓርብ ጠዋት ትንፋሹ ሲያጥር ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። አንድ ቃል፣ አንድ ቃል እያለ ነው የተናገረው። «ለበድሩ ጻፊለት» አለኝ። «እንዳለኝ ነው ያደረግኩት በይው። ምናልባት ቀኑን አሳልፌ ይሆናል። ምናልባት በማያይበት ዓይኑ በኩል ቆሜ ይሆናል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያስተማርኩት ሰው ሞተብኝ ብሎ እዚያ ውስጥ እንዳይጨነቅ።»

እሺ አልኩት። ይኸው ጽፌልሃለሁ።

ዱኒያ